የፍግ ጉድጓዱን ሳትለኩ አትፍረዱ፦ ለወጣት የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

የእንስሳት ሳይንስ ተምራችሁ ሥራ ልትጀምሩ የተዘጋጃችሁ፣ በተለይም ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ሆላንድ የምትመጡ ወጣቶች፣ ስለ መኖም ሆነ ስለ ዝርያ ማሻሻል ከእኔ የተሻለ ትኩስ ዕውቀት እንደያዛችሁ አውቃለሁ። ስለ እበት ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ወጣት የለም። እኔም በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ስማር ማንንም አልጠየቅሁም ነበር። በምሥራቅ ሆላንድ፣ በጌልደርላንድ አሸዋማ መሬት ላይ የወተት ላም አርቢዎች አማካሪ ሆኜ ስቀጠር ግን የሥራዬ ግማሽ ፍጉ መቼ፣ የትና ምን ያህል እንደሚበተን ማስላት ሆኖ አገኘሁት።

ለእኛ ለደጋ ልጆች ነገሩ እንግዳ ነው። እናቶቻችን እበቱን ጠፍጥፈው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው ኩበት ያደርጉታል፤ ማሳው የተራበውን ምድጃው ይበላዋል። እዚህ የሚያስጨንቀው ደግሞ መብዛቱ ነው። በዚህች ጠባብ አገር አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ የወተት ላሞች አሉ፤ ከሚበሉት መኖ ከፊሉም ከብራዚል በመርከብ የሚመጣ አኩሪ አተር ነው። ወተቱ አይብ ሆኖ ለዓለም ይሸጣል፣ እበቱ ግን ወደ ብራዚል አይመለስም። በዝናብ ጊዜ፣ በተለይም ሣሩ ማደጉን ባቆመበት ብርዳም የአውሮፓ ክረምት፣ በፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ተለውጦ ከውኃው ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። የሸክላ አፈር ጥቂት ያዘገየዋል፤ አሸዋ ግን እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ከሥር ያለው ውኃ ደግሞ ሰው የሚጠጣው ነው።

የአውሮፓ የናይትሬት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው በዚህ ምክንያት ነበር። ለመጠጥ የሚውል የከርሰ ምድር ውኃ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ናይትሬት እንዳይኖርበት፣ ከእንስሳት ፍግ የሚመጣው ናይትሮጅንም በሄክታር በዓመት ከ170 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። ሆላንድ ሣር ረጅም የእድገት ወቅት ስላለው ከሌላው ሰብል የበለጠ ናይትሮጅን ይወስዳል ብላ በመከራከር ከ2006 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ አገኘች፤ በብዙ አካባቢ 250፣ በኋላ ደግሞ እንደ እኛ ባሉ አሸዋማ አውራጃዎች 230 ኪሎ ግራም ተፈቀደ። በ2022 ግን ብራስልስ፣ ማለትም የአውሮፓ ኅብረት፣ ፈቃዱ ደረጃ በደረጃ ቀርቶ በ2026 ሁሉም ወደ 170 እንዲወርድ ወሰነች።

ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በበረት ውስጥ ግን አብረን እናስላው። አንድ ኩቢክ ሜትር ፈሳሽ የከብት ፍግ 4 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይይዛል። 50 ሄክታር ያለው አርቢ ከ230 ወደ 170 ሲወርድ 3,000 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን፣ ማለትም 750 ኩቢክ ሜትር ፍግ፣ የሚበተንበት መሬት ያጣል ማለት ነው። 36 ኩቢክ በሚይዝ ቦቴ ሲጫን ወደ 21 ምልልስ ይሆናል። በኩቢክ ሜትር 20 ዩሮ ቢከፍል እንኳ፣ ቀድሞ ሣሩን ያበቅልለት የነበረውን ፍግ ለማስወሰድ 15,000 ዩሮ ያወጣል። በዚያ ላይ የጎደለውን ለመሙላት ከተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ማዳበሪያ ይገዛል። አርቢው በዚህ ሲናደድ ግትር ነው አትበሉት። ሌላም ነገር አለ፦ ልዩ ፈቃዱን ለማግኘት ከመሬቱ 80 በመቶውን ሣር አድርጎ ማቆየት ነበረበት፤ ፈቃዱ ሲቀር ያ ግዴታም አብሮ ስለሚቀር፣ ሣሩን አርሶ ይበልጥ ናይትሬት የሚያፈስሰውን በቆሎ ለመዝራት ይፈተናል። ውኃን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ በዚህ በኩል ራሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህን ደፍሬ የምለው የሕጉን ዓላማ ስለምደግፍ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ካላንደሩ ነው። በሣር መሬት ላይ ፈሳሽ ፍግ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ 15 አይበተንም፤ በበረዶ በተሸፈነ ወይም ውኃ በጠገበ መሬት ላይ ደግሞ በየትኛውም ወር ክልክል ነው። ስለዚህ አርቢው ከኦገስት እስከ ፌብሩዋሪ የሚጠራቀመውን የሚይዝ ጉድጓድ ወይም የፍግ ጎተራ ሊኖረው ይገባል። ከፍጉ የሚወጣው ናይትሮጅን ያለበት ጋዝ፣ አሞኒያው፣ እንዳይተን ፍጉ ወደ አፈር ውስጥ እየተሰነጠቀ ወይም በመስመር እየተጋደመ መግባት ስላለበት፣ ማሽኑን መግዛት የማይችለው ትንሽ አርቢ ኮንትራክተር ይጠብቃል። ፌብሩዋሪ 16 ሲነጋ መንደሩ ሁሉ ቦቴ በቦቴ ይሆናል፤ በኦገስት መጨረሻም ሣሩ ቢፈልግም ባይፈልግም ጉድጓድ የማራገፍ ጥድፊያ ነው።

እኔ ራሴ በዚህ ጥድፊያ ተሳስቻለሁ። በአንድ ፌብሩዋሪ፣ ከበረቱ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ፍግ ላሞቹ የሚቆሙበትን የወለል ክፍተት ሊነካ የአንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው፣ አንድ አዛውንት አርቢ ምን ላድርግ ብለው ጠየቁኝ። እሳቸው እጃቸውን አፈሩ ውስጥ ከትተው «ገና ቀዝቃዛ ነው» አሉ፤ እኔ ካላንደሩን አይቼ «ተፈቅዷል፣ ይበተን» አልኩ፤ ኮንትራክተሩም የሚገኘው በዚያ ቀን ብቻ ነበር። በማግስቱ ሌሊት ዶፍ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ በማሳው ዳር ያለው ቦይ የሻይ ቀለም ይዞ አረፋ ደፍቋል። ሕግ አልጣስንም ነበር። ሰውዬው አጠገቤ ቆመው ምንም አላሉኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀልለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አማካሪነቴን የምጀምረው በኦክቶበር ነው፣ ምልክት በተደረገበት ረጅም ዘንግ። የጉድጓዱን ባዶ ክፍል ትለካላችሁ፣ የላሞቹን ቁጥርና የሚቀሩትን ሳምንታት ታሰላላችሁ፤ ካልበቃ ገና ቦታ ሳይጠፋና ዋጋ ሳይንር አርቢው ከጎረቤት የፍግ ጎተራ ይከራያል ወይም ቦቴ ይጠራል። የማጠቢያ ውኃና የጣሪያ ዝናብ ወደ ጉድጓዱ እየገባ እንደሆነም አረጋግጡ፤ ለዝናብ ውኃ የቦቴ ኪራይ የሚከፍል አርቢ ስንቱን አይቻለሁ።

ቀጥሎ ወደ መኖው ሂዱ። ላሟ ከሚያስፈልጋት በላይ ፕሮቲን ከበላች ትርፉ በሽንቷ ይወጣል። የወተት ፋብሪካው በሚልከው ወረቀት ላይ ይህን ትርፍ የሚያሳይ የዩሪያ ቁጥር አለ፤ በ100 ግራም ወተት ከ20 ሚሊ ግራም እጅግ በላይ ሲሆን፣ ስለ ፍግ ጉድጓድ ከማውራታችሁ በፊት ስለ መኖ ድብልቁ አውሩ። ላሞቹ በሞቃቱ የአውሮፓ በጋ ብዙ ሰዓት ሜዳ ላይ ከዋሉም ሽንትና እበት ስለማይደባለቁ አሞኒያው ይቀንሳል።

ስለ ጉድጓዱ ደኅንነት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ወራት የተጠራቀመ ፍግ ሲበጠበጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያጠፋልና ሽታው ጠፋ ብላችሁ አትጠጉ። የወደቀውን ለማውጣት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ የወረደ ሰው ሁለተኛ ሟች ይሆናል። ማበጥበጫው ሲጀምር ሰውም ከብትም ይውጣ፣ በሩ ሁሉ ይከፈት።

በ2019 የአርቢዎች ትራክተሮች ለተቃውሞ ወደ መንግሥቱ መቀመጫ ወደ ዘ ሄግ ሲተሙ ያያችሁ፣ ያ በዋናነት አሞኒያ በተጠበቁ የተፈጥሮ ቦታዎች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የተነሣ ክርክር እንጂ የናይትሬቱ አይደለም፤ ሁለቱን ቀላቅሎ የሚናገር ባለሙያ በአርቢዎች ፊት ወዲያው ይታወቃል።

ወደ አገር ቤት የምትመለሱም ይህን ሕግ እንዳለ ገልብጣችሁ አትውሰዱ። ማሳው ፍግ ለተራበበት ወረዳ የ170 ኪሎ ግራሙ ገደብ ምኑም አይደለም። መሬት ሳይኖራቸው በከተማ መሐል ላም የሚያረቡት ግን፣ እበቱ ወደ ወንዝ የሚወርድባቸው፣ ከሆላንዱ ጋር የሚመሳሰል ጭንቅ አለባቸው፤ እዚያ የሚጎድለው በበረቱና በተራበው ማሳ መካከል የሚመላለስ ጋሪ ነው።

የዚያ ቦይ ባለቤት የሆኑት አዛውንት ዛሬ ላሞቹን ለልጃቸው አስረክበዋል። በየኦክቶበሩ ግን ዘንጉን ይዘው የሚወርዱት እሳቸው ናቸው፤ ባለፈው ጊዜም ደውለው ሰላምታ ሳያስቀድሙ «አንድ ሜትር ከአርባ ባዶ ነው» አሉኝ።