ባለ ፒየዞ ኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ጠይቁኝ

የኤሌክትሪክ ጊታርንም የቦክስ ጊታርንም ድምፅ በአንድ ጊታር የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የከነከናችሁን ሁሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከመነሻው ፒየዞ ምንድን ነው? የተለመደው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ምን አነሰው?

መልስ፦ ምንም አላነሰውም፤ ሥራው ሌላ ነው። የተለመደው ፒክአፕ ማግኔትና ጥምጥም ሽቦ ስለሆነ የብረት ክር አጠገቡ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው የሚሠራው። ፒየዞ ግን ጫና ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል ወይም ሴራሚክ ነው። ብሪጁ (ክሮቹን የጊታሩ አካል ላይ የሚይዘው ክፍል) ላይ፣ ክሩ በሚያርፍበት ሳድል ውስጥ ወይም ሥር ይቀመጣል። የፒኩን (የክር መምቻውን) ንክኪ፣ የጥፍርህን ድምፅ፣ መዳፍህ ብሪጁ ላይ ሲያርፍ እንኳ ይይዛል። ወደ ቦክስ ጊታር የሚያስጠጋው ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ቦክስ ጊታሬን ልሽጠው?

መልስ፦ በፍጹም! ፒየዞው የክሩን ጥራት ይሰጥሃል እንጂ የሳጥኑን አየር አይሰጥህም። ከባንድ ጋር መድረክ ላይ ስትሆን ልዩነቱን ብዙ ሰው አይለየውም። ብቻህን ስትቀዳ ግን ወዲያው ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ሱቅ ገብቼ አንድ ውድ ጊታር ሞከርኩ። ፒየዞው የታፈነና ፕላስቲክ ነገር ሆነብኝ። ጊታሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

መልስ፦ መጀመሪያ ምን ላይ ሰክተሽ እንደሞከርሽው ንገሪኝ። በኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየር ከሆነ ፍርድሽ ገና ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አብዛኛውን ይቆርጠዋል፣ የፒየዞው ውበት ደግሞ ብዙው ያለው እዚያ ላይ ነው። በሚክሰር በኩል፣ በአኮስቲክ አምፕ ወይም በስቱዲዮ ስፒከር ድገሚው።

ከዚያ ሦስት ነገር አድርጊ። ስድስቱንም ክር በኃይል ምቺ፤ ድምፁ ተጨማድዶ "ኳክ" ካለ ፕሪአምፑ (የፒየዞውን ድምፅ የሚያጎላው ክፍል) ደካማ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በጣትሽ በጣም በቀስታ ተጫወቺ። በመጨረሻ ክሮቹን አንድ በአንድ ነክተሽ ስሚ። አንዱ ከሌሎቹ ቀጠን ብሎ ከተሰማ ሳድሉ በደንብ አልተቀመጠም ወይም ከሥሩ ያለው ቀጭን ሽቦ ተጎድቷል ማለት ነው። ይህን ሻጩ ራሱ ላያውቀው ይችላል፣ ስለዚህ ሳታፍሪ ጊዜ ወስደሽ ስሚ። ትንሽ "ኳክ" ግን በሁሉም ፒየዞ ላይ አለ፤ ከ1.5 እስከ 3 ኪሎኸርዝ ያለውን በኢኪው (በድምፅ ማስተካከያው) ቀነስ ስታደርጊው ይለሰልሳል።

ጥያቄ፦ አንድ መውጫ ይሻላል ሁለት?

መልስ፦ እኔ ሁለቱን ድምፅ ለየብቻ የማያወጣ ጊታር አልገዛም። ማግኔቱ ወደ አምፕህ፣ ፒየዞው በዲአይ ቦክስ (የጊታርን ድምፅ ለሚክሰር በሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) በኩል ወደ ሚክሰሩ መሄድ አለበት፤ አለበለዚያ ዲስቶርሽኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን ፔዳል) ስትረግጥ ፒየዞውም አብሮ ይበላሻል። አንዳንዱ ሁለት ጃክ አለው፣ አንዳንዱ በአንድ ስቴሪዮ ጃክ ሆኖ ለሁለት የሚከፈል ገመድ ይፈልጋል። ሁለቱን የሚቀላቅል ማዞሪያም ይኑረው። ንጹህ የኤሌክትሪክ ድምፅ ላይ ጥቂት ፒየዞ ጣል ስታደርግበት የሚመጣው ነገር፣ ለእኔ ከንጹሁ ፒየዞ በላይ ገንዘቡን የሚያወጣው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዙሪያውን ትተህ ስም ጥራ። የትኛው?

መልስ፦ እሺ። ሮክና ሜታል የሚያበዛ ሰው የሚውዚክ ማንን የጆን ፔትሩቺ ሞዴሎች ይይ። ጃዝም ብሉዝም ለሚል ፒአርኤስ ሆሎውቦዲ ከነፒየዞው ግሩም ነው፣ ብቻ ውስጡ ክፍት ስለሆነ በጣም ጮክ ባለ ዲስቶርሽን ማፏጨት ሊጀምር ይችላል። በጊታሩ ሲንት (ሲንተሳይዘር) መንዳት የሚፈልግ ጎዲን ኤክስቲኤስኤን ይሞክር፤ ማግኔት፣ ፒየዞና የሲንት መውጫ በአንድ ላይ ይዟል። በ2019 የወጣው የፌንደር አኮስታሶኒክ ቴሌካስተር ደግሞ ወደ ቦክስ ጊታር ያደላል። ዋና ሥራህ ከባድ ዲስቶርሽን ከሆነ ይቅርብህ።

የትኛውንም ስትይዝ ግን ፒየዞውን አጥፍተህ ጀምር። አንገቱ ለእጅህ ካልተስማማ፣ ቅኝት ካልያዘ፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ፓርከር ፍላይ አገኘሁ። ልግባበት?

መልስ፦ በ1993 ሲወጣ ማግኔትና ፒየዞን በአንድ ጊታር የማጣመርን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀ ጊታር ነው፣ ቀላልነቱም ይገርማል። ችግሩ ምርቱ ቆሟል። ኤሌክትሮኒክሱ አንድ ቀን እምቢ ቢልህ መለዋወጫ ፍለጋ ትንከራተታለህ። ሁሉም ማዞሪያና ስዊች ሳይንኮሻኮሽ የሚሠራ ከሆነ ብቻ።

ጥያቄ፦ ባትሪው ካለቀስ?

መልስ፦ ብዙዎቹ በ9 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠሩት። ባትሪው ሲሞት ማግኔቱ ብቻውን መሥራቱን መቀጠሉን ከመግዛትህ በፊት ባትሪውን አውጥተህ ፈትሽ፤ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ይለያያል። ተጫውተህ ስትጨርስ ደግሞ ገመዱን ንቀል፣ በአብዛኞቹ ላይ ፕሪአምፑ የሚበራው ገመዱ ሲሰካ ነው።

ጥያቄ፦ ያለኝን ጊታር እወደዋለሁ። ፒየዞ ማስገጠም አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል። ግራፍ ቴክ ጎስት የሚባሉት ሳድሎችና የፊሽማን ፓወርብሪጅ ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ሳድሉን መቀየር ቀላሉ ነው፤ ለፕሪአምፑ፣ ለባትሪውና ለተጨማሪው ማዞሪያ ቦታ ማግኘቱ ነው እንጨት የሚያስቆፍረው። ባለሙያ ያየው።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ክር ልጠቀም?

መልስ፦ የኒኬል። የነሐስ ክር ለፒየዞው ቢስማማም ማግኔቱ በደንብ አይሰማውም፣ ወፍራሞቹ ክሮች ይደክማሉ። ድምፁን ወደ ቦክስ ጊታር ይበልጥ ለማስጠጋት ከፈለግሽ ሦስተኛው ክር የተጠመጠመ የሆነበትን ባለ 11 ውፍረት ግዢ። ክሩን መለጠጥ ያስቸግራል፣ ኮርድ ስትመቺ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።