ይወልቃል ብለሽ አትተዪው

እህቴ፣ የ6 ዓመት ልጅሽ የኋላ ጥርስ ላይ ጥቁር ነጥብ አይተሽ «የወተት ጥርስ ስለሆነ ይወልቃል፣ ልተወው?» ብለሻል። መጀመሪያ ቁጠሪ። የወተት ጥርስ ከላይም ከታችም በግራና በቀኝ 5 5 ነው፣ ባጠቃላይ 20። ከፊት መሃል ጀምረሽ ወደ ኋላ ስትቆጥሪ 6ኛ ካገኘሽ ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ነው። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላ ብቅ ስለሚል ብዙ ወላጅ ይሸወዳል፤ እኔም ተሸውጃለሁ። ይሄ ከሄደ ተተኪ የለውም።

ላዩ ሸንተረር ስላለው ምግብ ይይዛል። ማታ ማታ አንቺው ቦርሺለት፤ ፍሎራይድ (ጥርስ የሚያጠነክር ማዕድን) ያለው የጥርስ ሳሙና፣ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። እኛ ጅማዎች ደግሞ ቡና ሲፈላ ስኳሩን ለልጅ ማቅመስ እንወዳለን፤ ጥርስ የሚያበላሸው ግን እሱ ነው!

የተቦረቦረውን ግን ብሩሽ አይመልሰውም። የወተት ጥርስም ቢሆን ይታከማል። ሳያመው ሐኪም ጋ ውሰጂው።