ቤት ቀየርኩ፤ ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት የት ልምረጥ?

ከአሌክሳንድሪያ ወደ ውድብሪጅ ከገባህ የምትመርጠው የአዲሱን ሰፈርህን ተወካይ ነው። 100 ወንበር፣ 100 የምርጫ ክልል ነው ያለው።

1. በስቴቱ የምርጫ ድረ ገጽ አድራሻህን አሁኑኑ ቀይር።
2. ድምፅ መስጠት 45 ቀን ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ሥራ ካላመቸህ ያኔ መርጠህ ተገላገል።

ፕሬዚዳንት የማይመረጥበት ዓመት ነው ብለህ አትዘናጋ። ይሄ ምርጫ በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው።

«አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?» ላልከው፣ በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ላይ ሁለቱ ተፎካካሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። አሸናፊው ከሳህን ውስጥ በወጣ ዕጣ ተለየ። ምክር ቤቱም 51 ሪፐብሊካን ለ49 ዴሞክራት ሆነ!

አድራሻውን ግን ለመጨረሻው ቀን እንዳታሳድረው። እኔ ታክሲዬን አቁሜ፣ ወረፋ ይዤ፣ ተራዬ ሲደርስ «ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም» ተብያለሁ።