በቀጥታ የተሰራጨው ሙዚቃዊ ድራማ ለምን እንደ ፊልሙ አላማረንም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከሐዋሳ የደረሱን ናቸው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች በቀጥታ የሚያሰራጯቸውን ሙዚቃዊ ድራማዎችና እንደገና የሚሠሩ የድሮ ፊልሞችን ይመለከታሉ። የመጨረሻው ራሳቸው ሊሠሩ ከተነሱ ወጣቶች የተላከ ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ «ኤንቢሲ እ.ኤ.አ. በ2013 በቀጥታ ያሰራጨውን ‹ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ› ቤተሰቡ ተሰብስቦ አየነው። በ1965ቱ ፊልም ላደግን ሰዎች ያሳዝናል። ምስሉ ተራ ተከታታይ ድራማ ይመስላል፤ ዘፈኖቹንም ከቦታቸው አዘዋውረዋቸዋል። ይህን ያህል ገንዘብ ያለው ጣቢያ እንዴት እንዲህ ይሠራል?» (ከታቦር)

መልስ፦ ከዘፈኖቹ እንጀምር፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ጣቢያው ያለ ጥፋቱ ነው የተወቀሰው። ያዘዋወራቸው ፊልሙ ነው። ታሪኩ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1959 ብሮድዌይ ላይ የቀረበ የመድረክ ሥራ ሲሆን ኤንቢሲ የተከተለውም እሱን ነው። በመድረኩ ላይ ማሪያ ‹ማይ ፌቨሪት ቲንግስ›ን የምትዘፍነው ከገዳሙ እመምኔት ጋር ነው፤ ነጎድጓድ ያስደነገጣቸውን ልጆች የምታባብለው ደግሞ በፍየል እረኛው ዘፈን ነው። ፊልሙ ይህን ቀየረው፤ ማክስና ኤልሳ የተባሉት ገጸ ባሕርያት የሚዘፍኗቸውን ሁለት ዘፈኖችም አስቀረ። በ2013 የሰማችኋቸው «አዲስ» ዘፈኖች እነዚያው የቀሩት ናቸው።

ስለ ምስሉ ግን ያላችሁት ትክክል ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይቀረጻል፤ መብራቱም ለእያንዳንዱ ቀረጻ እንደገና ይተከላል። የአንዲት ሴት ፊት በመስኮት ብርሃን ግማሹ ደምቆ ግማሹ ጥላ ሲሆን እናያለን፤ ያንን ለማግኘት ሰዓታት ይወስዳል። በቀጥታ ስርጭት ብዙ ካሜራዎች ከተለያየ ማዕዘን በአንድ ጊዜ ስለሚያዩ፣ መብራቱ ሁሉንም እንዲያስተናግድ በእኩል ይፈስሳል። ጥላ ይጠፋል፣ ፊት ይለጠጣል፣ ከጀርባ ያለው ግድግዳ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ መሆኑ ይታወቃል። በዚያ ላይ የአሜሪካ ቴሌቪዥን እንቅስቃሴን በሰከንድ ወደ 60 ጊዜ ይመዘግባል። ዓይናችን ይህን ለስላሳ እንቅስቃሴ የለመደው በዜናና በእግር ኳስ ስለሆነ፣ ልብ ወለድ ላይ ሲያየው አይዋጥለትም።

ሦስተኛውን ብዙ ተመልካች ልብ አይለውም፤ ጸጥታው ነው። ያ ሥራ ኒውዮርክ አጠገብ ቤዝፔጅ ውስጥ የቀረበው ተመልካች ሳይኖር ነው። ዘፋኟ ትልቁን ዘፈን ከፍ አድርጋ ስትጨርስ የሚያጨበጭብ የለም። ፎክስ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2016 ‹ግሪስ›ን ሲያቀርብ ተመልካቹን እዚያው ዲኮሩ መካከል አስገባ፤ ኤንቢሲም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2018 ‹ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር›ን ብሩክሊን በሚገኝ የቀድሞ የጦር መሣሪያ አዳራሽ በሕዝብ ፊት አቀረበ። የሁለቱ ሞቅታ ከዚያ ነው የመጣው። በእኛ ግምት ከነዚህ ሥራዎች ሁሉ ቅርጹን በትክክል ያገኘው የ2018ቱ ነው፤ ፊልም ለመምሰል አልሞከረም፣ ኮንሰርት መሆኑን አምኖ ቀረበ።

ጥፋቱ የቤታችሁ ቴሌቪዥንም ሊሆን ይችላል። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በምስሎች መካከል የራሳቸውን ምስል እየፈጠሩ ይጨምራሉ፤ ያኔ የ1965ቱም ፊልም ድራማ ይመስላል። በሳምሰንግ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ»፣ በኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ በሶኒ «ሞሽንፍሎው» የሚባለውን ከምስል ማስተካከያው ገብታችሁ አጥፉት። «ፊልምሜከር ሞድ» ካለው እሱን ብትመርጡ በአንድ ጊዜ ትገላገላላችሁ።

ጥያቄ፦ «እነዚህን ሥራዎች ሳይ አፍና ድምፅ አይገጥምም። በቀጥታ ዘፈንን ይላሉ እንጂ የተቀዳ ነው የሚያጫውቱት መሰለኝ።» (ከፒያሳ)

መልስ፦ ከመፍረድዎ በፊት ድምፁ በምን በኩል እንደሚወጣ ይመልከቱ። በብሉቱዝ የተገናኘ ድምፅ ማጉያ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። በዓለም አቀፍ የስርጭት መለኪያ መሠረት ተመልካች መዛነፉን የሚያስተውለው ድምፁ 45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ወይም 125 ሚሊ ሰከንድ ሲዘገይ ነው። ብሉቱዙን ያጥፉና በቴሌቪዥኑ በራሱ ድምፅ ይስሙ፤ ከገጠመ ማጉያውን በገመድ ያገናኙ። በብዙ ቴሌቪዥን ላይ ያለው የድምፅ ማዘግያ ድምፅን ወደኋላ ብቻ ነው የሚጎትተው፤ ቀድሞውኑ የዘገየውን ያብሰዋል።

በገመድም ካልገጠመ ቅጂውን ይጠርጥሩ። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ከምሽቱ በእነሱ 8 ሰዓት የሚጀምር የታኅሣሥ ስርጭት ለሐዋሳ ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ያዩት በፍላሽ ወይም በኢንተርኔት የመጣ ቅጂ መሆን አለበት። መዛነፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ከሆነ ይስተካከላል፤ ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ ሲያጫውቱ የ«ጄ» ቁልፍ ድምፁን በ50 ሚሊ ሰከንድ ያስቀድማል፣ «ኬ» ያዘገያል። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እያደር እየራቀ የሚሄድ ከሆነ ግን ምስሉና ድምፁ በተለያየ ፍጥነት ተለውጠዋል። ያንን ፋይል ይጣሉት፤ ሌላ ቅጂ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ «ፎክስ በ2019 ያሳየው ‹ሬንት› ‹ላይቭ› ተብሎ ተሸጦ አብዛኛው የተቀዳ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማታለል አይደለም?» (ከመናኸሪያ)

መልስ፦ አላታለሉም፤ ያልተዘጋጁበት አደጋ ግን ደረሰባቸው። ከዋና ተዋንያኑ አንዱ ብሬኒን ሀንት በዋዜማው፣ በሙሉ አልባሳት በተደረገው የመጨረሻ ልምምድ ላይ እግሩ ተሰበረ። ቲያትር ቤት ቢሆን ሚናውን ያጠና ተጠባባቂ ተዋናይ ይገባ ነበር፤ እዚህ ግን አልነበረም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን የተላለፈው በአብዛኛው ያ ልምምድ ሲሆን፣ የመጨረሻው ክፍል ብቻ እግሩ ታስሮ ሳለ በቀጥታ ቀረበ። ልምምዱ ባይቀዳ ኖሮ የሚተላለፍ ነገር አይኖርም ነበር። የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው፦ ተዋናዩ ለልምምድ ብሎ ድምፁን ቆጥቦ የዘፈነው ለሚሊዮኖች ቀረበ።

ጥያቄ፦ «የድሮ ፊልም እንደገና መሥራት ምን ይጠቅማል? አንድም የተሻለ አላየሁም።» (ከአቶቴ)

መልስ፦ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ሥራ ክፍተት ሲኖረው ነው። በ1961 የወጣው ‹ዌስት ሳይድ ስቶሪ› 10 ኦስካር ያገኘ ፊልም ቢሆንም፣ ማሪያን ሆና የተወነችው ናታሊ ዉድ አፏን ታንቀሳቅሳለች እንጂ የሚሰማው የማርኒ ኒክሰን ድምፅ ነው። ማሪያ ፖርቶሪካዊ ሆና ሳለ ዉድ የላቲን አሜሪካ ዝርያ አልነበራትም። ስፒልበርግ በ2021 ሲሠራው ሁለቱንም አረመ፤ ተዋንያኑ በራሳቸው ድምፅ ዘፈኑ፣ ስፓኒሽኛው ንግግርም ያለ ትርጉም ጽሑፍ ቀረበ። በአሮጌው አኒታን ተጫውታ ኦስካር የወሰደችው ሪታ ሞሬኖ በአዲሱ ሌላ ሚና ይዛ ተመለሰች፤ ‹ሰምዌር›ም ለእሷ ተሰጠ። ቀድሞ የሁለት ወጣቶች ምኞት የነበረው ዘፈን ከአንዲት አሮጊት አፍ ሲወጣ የከረመ ሐዘን ይሆናል። አኒታን የተጫወተችው አሪያና ዴቦስም ለዚያው ሚና ኦስካር ተቀበለች። ሁለቱን በተከታታይ ማታ ይዩዋቸውና ይፍረዱ።

ክፍተት የሌለውን መድገም ምን እንደሚያስከትል ለማየት ደግሞ ‹ሳይኮ› ይበቃል። የሂችኮክን የ1960 ፊልም ገስ ቫን ሳንት በ1998 ከሞላ ጎደል ቀረጻ በቀረጻ ገልብጦ በቀለም ሠራው። ጽሑፉ ያው፣ ሙዚቃው ያው ነው፤ ፍርሃቱ ግን የለም። ‹ኤ ስታር ኢዝ ቦርን› ግን አራት ጊዜ (1937፣ 1954፣ 1976፣ 2018) ተሠርቶ እስከ ዛሬ ተመልካች አላጣም፤ መሠረቱ ያው ሆኖ በየጊዜው የዝና መንገዱን፣ ከሲኒማ ወደ ሙዚቃ መድረክ፣ ስለሚቀይር ነው።

ጥያቄ፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የፊልም ዘፈን በድሮው ዲቪዲዬ ከፍ ብሎ፣ ፈጥኖም ይሰማኛል። ጆሮዬ ነው?» (የቤተ ክርስቲያን መዘምር፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጆሮዎ ጤነኛ ነው። በሰከንድ 24 የነበረው ፊልም ለእኛ ዓይነቱ የቴሌቪዥን ሥርዓት በ25 ሲጫወት በ4 በመቶ ይፈጥናል፤ ድምፁም ካልታረመ ሁለት ሦስተኛ ሴሚቶን (ሴሚቶን በፒያኖ የሁለት ተከታታይ ቁልፎች ልዩነት ነው) ያህል ይወጣል። የ174 ደቂቃ ፊልም በ167 ደቂቃ ያልቃል። የዲስኩን ጠቅላላ ደቂቃ አይተው ያረጋግጡ። ብሉሬይ ላይ በአብዛኛው ይህ ችግር የለም።

ጥያቄ፦ «የቲያትር ክበብ ነን። አንድ የቆየ ሙዚቃዊ ተውኔት በአዳራሽ አቅርበን በኢንተርኔት በቀጥታ ልናስተላልፍ አስበናል። ሦስት ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕና ሚክሰር አለን። ከምን እንጀምር?» (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ከድምፅ ጀምሩ። ምስል ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሳል፤ ግጥሙ ካልተሰማ ግን ይዘጋዋል። ተዋንያኑ 12 ቢሆኑ ለ12ቱም ገመድ አልባ ማይክ አያስፈልግም። ብቻቸውን ለሚዘፍኑት 4 ወይም 5 ይበቃል፤ ለአዝማቹ ከመድረኩ ፊት ሁለት ማይክ አቁሙ። ትንሿን ማይክ ደረት ላይ አትሰኩ፤ ነጠላ ሲነካት ትንኮሻኮሻለች፣ አንገት ሲዞርም ድምፅ ይሸሻል። ግንባር ላይ፣ ፀጉር ከሚጀምርበት ሥር፣ በቀጭን የሕክምና ፕላስተር ለጥፏት፤ ላብ ወደ ማይኳ አፍ እንዳይወርድ ገመዷን ከጆሮ ጀርባ አዙሩት። ባትሪ የቀድሞው ቢቀረውም አዲስ ይግባ፤ በእረፍት ሰዓትም ይቀየር። ማይኮቹን አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከፍታችሁ መድረኩን እየዞራችሁ ፈትሹ፤ ሞገዶቹ የሚጋጩት ያኔ ነው። ከሚክሰሩ አጠገብ ጽሑፉን ይዞ የሚከታተል ሰው ይቀመጥ፤ ከመድረክ የወጣውን ተዋናይ ማይክ ወዲያው ይዝጋ። ማይክ ሳይዘጋ ቀርቶ ከመጋረጃ ጀርባ የተነገረ ሐሜት ለአዳራሽ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ለአዳራሹ የተስተካከለውን ድምፅ ለኢንተርኔቱ አትላኩ። አዳራሽ ውስጥ ከበሮው ያለ ማይክም ስለሚሰማ በሚክሰሩ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ቤት ያለው ሰው ጭራሽ አይሰማውም። ከሚክሰሩ «ኦክስ» መውጫ ለላፕቶፑ የተለየ ቅንብር ስጡ፣ አንድ ሰው ከአዳራሹ ውጭ በጆሮ ማዳመጫ ይከታተለው። ከሚክሰር የሚመጣው ድምፅ ከምስሉ ስለሚቀድም ኦቢኤስ በተባለው የቀጥታ ስርጭት ፕሮግራም ውስጥ አዘግዩት፤ ልኩን የምታገኙት ካሜራ ፊት እያጨበጨባችሁ ነው።

ስልኮቹን በሰከንድ 25 ምስል፣ ሹተራቸውን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ስልኩ በተለመደው 30 ሲቀርጽ አንዳንድ አምፖሎች በምስሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥቁር መስመር ያወጣሉ። እነዚህን ቁጥሮች ለማስተካከል በብዙ ስልኮች ላይ የስልኩ የራሱ ካሜራ አይበቃም፤ በእጅ የሚስተካከል የካሜራ አፕ ጫኑ። አንዱ ስልክ ከመሐል ሙሉ መድረኩን ይያዝና ፈጽሞ አይነቃነቅ፤ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ፊት ይያዙ። የጎኖቹ ሲሳሳቱ የምትመለሱበት ያ መሐለኛው ነው።

ለ720 ጥራት በሰከንድ 3 ሜጋቢት ላኩ፤ የምትልኩበት የኢንተርኔት ፍጥነት የዚህ እጥፍ ይሁን፣ የሚለካውም በምታቀርቡበት ሰዓትና ቦታ ነው። ሁለት ሰዓት 2.7 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ ጥቅሉን ቀድማችሁ ግዙ። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳ ላፕቶፑን፣ ሚክሰሩንና ራውተሩን የሚይዝ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ያስፈልጋል፤ የመድረክ መብራት አትሰኩበት፣ ወዲያው ይጨርሰዋል።

ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ለማቅረብ ካሰባችሁ ነፋሱ ስፖንጅ የለበሰ ማይክን ያሸንፋል፤ ፀጉራም ሽፋን ግዙ። ማታ ደግሞ መብራቱ ትንኝ ይጠራል፤ ሌንሱ ፊት ሲበር ትልቅ ነጭ ጠብታ ይመስላል። ከካሜራዎቹ ራቅ አድርጋችሁ ሌላ ደማቅ አምፖል አብሩላቸው። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ አትያዙ፤ ዝናብ ከጀመረ የሚያድን ማይክ የለም።

በዋዜማው በሙሉ አልባሳት ልምምድ አድርጋችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅዱት፤ ተዋንያኑም ድምፃቸውን ሳይቆጥቡ ይዝፈኑ። ለዋና ዘፋኞቹ ሁለት ተጠባባቂ ይጥና።

ተውኔቱ የቆየ ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ግጥሙና ዜማውም እንደዚሁ የየራሳቸው ባለቤት አላቸው። ከደራሲው ወይም ከወራሾቹ የጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ፤ ወረቀቱ ላይ «በመድረክ ለማቅረብ»ና «በኢንተርኔት ለማሰራጨት» ተለይተው ይጻፉ፣ ቅጂው ከስርጭቱ በኋላ ይቆይ ወይስ ይነሳ የሚለውም ይካተት። የመድረክ ፈቃድ ብቻ ይዛችሁ ካሰራጫችሁ ሥራው በባለመብቱ አቤቱታ ከገጻችሁ ሊወርድ ይችላል።