«ሎኬሽን ላክልኝ» ብቻ አይበቃም

ጥያቄ፦ እኛ ያለንበት አካባቢ መንገዱ ስም የለውም። የቤት ቁጥሩም ተራውን የጠበቀ አይደለም። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ አንድ ሌሊት አምቡላንስ ጠርተን ሹፌሩ ቤቱን ፍለጋ ብዙ ተንከራተተ። ጓደኞቼ አንዱ ፕላስ ኮድ፣ ሌላው ሦስት ቃላት ተጠቀሚ ይሉኛል። እርስዎ የቱን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። እኔ የምመክርሽ ፕላስ ኮድን ነው።

ሁለቱም ምድርን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍለው ለእያንዳንዱ መጠሪያ ይሰጣሉ። መንገድ ኖረ አልኖረ ጉዳያቸው አይደለም። ዋት ስሪ ወርድስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ኩባንያ፣ ዓለምን 3 ሜትር በ3 ሜትር ቆርጦ 57 ትሪሊዮን ገደማ ለሚሆኑት ካሬዎች ሦስት ሦስት ቃል አድሏል። ቃል ለማስታወስ ይቀላል፣ አልክድም። ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካሬዎች ቃላቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ስለዚህ በሌሊት፣ በድንጋጤ፣ በሚቆራረጥ ስልክ አንዷ ቃል ከተሳሳተች ኮዱ ሌላ አገር ሊያሳይ ይችላል። አሠራሩም የኩባንያው ንብረት ነው። የቤቴ አድራሻ የአንድ ድርጅት ንብረት መሆኑን እኔ አልወደውም።

ፕላስ ኮድን ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያወጣው ቀመሩን ለማንም ክፍት አድርጎ ነው። ኮዱ የሚሰላው ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ስለሆነ ስልክ ያለ ኢንተርኔትም ሊያሰላው ይችላል። የሚጠቀመው 20 ምልክቶችን ብቻ ነው፤ ከ2 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮችና 12 የላቲን ፊደላትን። ዜሮና አንድ ከፊደል ጋር ስለሚምታቱ ወጥተዋል፣ አናባቢዎቹም ኮዱ ሳይታሰብ ቃል እንዳይሆን ተትተዋል። በስልክ ፊደል አስጽፎ የሚያውቅ ሰው የዚህ ጥቅም ይገባዋል። አሥር ምልክት ያለው ኮድ 14 ሜትር በ14 ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ ያሳያል፣ አንድ ሲጨመርበት ወደ 3 ሜትር ይጠባል። የከተማውን ስም ካከልሽበት ደግሞ የፊተኞቹ አራቱ ይቀሩና ስድስቱ ብቻ ይበቃሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ኮዱን አልጋሽ ላይ ሆነሽ አትውሰጂ። ጣሪያና ግድግዳ ጂፒኤስን ያዛባል፤ ክፍት ሰማይ ሥር ግን ስልክ ብዙውን ጊዜ 5 ሜትር አካባቢ ድረስ ልክ ነው። ውጪ፣ በሩ ላይ ቁሚ። ጉግል ማፕ ላይ በሩ ያለበት ቦታ ላይ ጣትሽን አሳርፈሽ ያዢ፣ ኮዱ ይወጣልሻል፤ ከሳተላይት ምስሉም ጋር አስተያዪው። ከዚያ ኮዱን በትልቁ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው፣ ልጆችም ጎረቤትም ያንብቡት። ለአምቡላንስ ጥሪ ተቀባዮችም ዛሬውኑ ደውለሽ ይህን ኮድ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልተቀበሉ የኬክሮስና ኬንትሮስ ቁጥሩን አብረሽ ጻፊ። የበሩ ቀለምና ዛፉም አይቅሩ!

ጥያቄ፦ በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። ደንበኞች ሎኬሽን ይልካሉ፣ ስደርስ ግን ከግቢው ጀርባ፣ አጥር ሥር ነኝ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም። ኮዱ ነጥቡን እንጂ መንገዱን አይነግርህም። አጥሩን አያውቅም፣ ወንዙን አያውቅም፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነም አያውቅም። ከመነሳትህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ሎኬሽኑን የወሰዱት በሩ ላይ ቆመው ነው? መግቢያው በየት በኩል ነው? ፎቁስ? ከደረስክ በኋላ ደግሞ በሩ ላይ ቆመህ ትክክለኛውን ኮድ ለደንበኛው መልሰህ ላክለት፣ ሁለተኛ ሌላው አድራሽ አይንከራተትም። ስልክህ ላይ ግን ከሰው ስም ጋር አታከማች። ስምና ኮድ አንድ ላይ የሰው ቤት ቁልፍ ማለት ነው።

ደግሞም በኮዱ ምክንያት የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይቅር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ተራውን የጠበቀ ቁጥር 12ን ያየ ሰው 14 ወዴት እንደሆነ ስልክ ሳያወጣ ያውቃል፣ ባትሪው ቢያልቅም ቤቱን ያገኘዋል።