እናትሽን ይዘሽ ሲንጋፖር፣ ያውም በጾም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ዕቁብ ደርሶሽ በታኅሣሥ ከእህትሽና ከእናታችሁ ጋር ለ6 ቀን ሲንጋፖር ልትሄዱ አስባችኋል። እማማ 63 ዓመታቸው ነው፣ ጾመ ነቢያትን ይጾማሉ። የ22 ቦታ ዝርዝር አውጥተሽ «6 ቀን ይበቃናል ወይ? እናታችንስ ምን ይበላሉ?» ብለሻል። መልሴ ረዘም ይላል፣ ቡና አፍልተሽ አንብቢው።

እኔም እዚሁ ኮዬ ፈጬ ነኝ። ሲንጋፖር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ልኮኝ ነው፣ ቀጥሎ እናቴን ይዤ። የመጀመሪያውን ብቻ ሄጄ ቢሆን ኖሮ «ይበቃችኋል» እልሽ ነበር። ከእናቴ ጋር ከሄድኩ በኋላ ግን 22ቱን ወደ 8 አውርጂው ነው የምልሽ። ቀኑን በቦታ ብዛት ሳይሆን በሙቀቱና በምግብ ሰዓት ከፋፍይው።

ሙቀቱን ላስረዳሽ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 137 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ክረምት በጋ የሚባል ነገር የለም። ዓመቱን ሙሉ ቀን 31 ወይም 32 ዲግሪ ነው፣ ሌሊት ከ25 ብዙም አይወርድም። እኛ ደግሞ ከባሕር በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነን፣ በታኅሣሥ ማለዳ ጋቢ ደርበን ነው ታክሲ የምንጠብቀው። «ድሬዳዋን አውቃለሁ፣ እችለዋለሁ» እንዳትይኝ። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ጥላ ስር ስትገቢ ይለቅሻል። የሲንጋፖሩ እርጥብ ነው፣ ላብሽ እላይሽ ላይ ይቀራል እንጂ አይደርቅም።

ይህን ሳላስብ በመጀመሪያው ቀን እናቴን 6 ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ውኃ የሚተፋውን የአንበሳ ሐውልት ላሳያት ወሰድኳት። ግማሽ ሰዓት አልሞላንም፣ «ዓይኔ ጨለመብኝ» አለችኝ። ደግፌ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ አስገባኋት። እዚያ ደግሞ አየር ማቀዝቀዣው እንደ እንጦጦ ንፋስ ነው። በላብ የራሰ ሰው ድንገት እዚያ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቢው። ሁለት ቀን አሳላት። ስለዚህ እማማ ነጠላቸውን ከእጃቸው አይለዩ። ባቡር ውስጥም ያስፈልጋቸዋል።

ከዚያ በኋላ አካሄዳችንን ቀየርን። እዚያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 1 ሰዓት ገደማ ወጥታ 1 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ጠዋት 1 ሰዓት ወጥተን 4 ሰዓት ተኩል ላይ እንመለሳለን። እስከ 9 ሰዓት እረፍት ነው። ከዚያ ምግብ፣ 10 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ደግሞ እንደገና መውጣት። ለማለዳው የዕፅዋት መናፈሻቸውን የሚያክል የለም። መግቢያው ነጻ ነው፣ ገና ከንጋቱ 11 ሰዓት ይከፈታል፣ ከ2015 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው። የኦርኪድ ክፍሉ ብቻ ያስከፍላል። ለምሽቱ ጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ የሚባል ሌላ መናፈሻ አለ። ግዙፎቹ የብረት ዛፎች ከምሽቱ 1:45 እና 2:45 ላይ (በእኛ አቆጣጠር) በሙዚቃና በመብራት ሲያሸበርቁ ማየት አይከፈልበትም። እዚያው ግቢ ውስጥ የደጋ ጉም የሚሠሩበት ትልቅ የመስታወት ቤት አለ፣ ትኬቱ ውድ ነው። እናቴ ገብታ ዞር ዞር አለችና «ብርድና ጉም ለማየት ነው ይህን ሁሉ ብር የከፈልከው?» አለችኝ። እናንተ ከዝርዝሩ ብታወጡት አይቆጫችሁም።

ታኅሣሥ ዝናብ የሚበዛበት ወር መሆኑንም እወቂ። ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ እንደ ሐምሌ ዶፍ ወርዶ ያባራል፣ አንዳንዴ ግን ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ጃንጥላ ያዙ፣ ጫማ ደግሞ ቶሎ የሚደርቅ ይሁን። የገናና የአዲስ ዓመታቸው ሰሞን ሆቴል ስለሚወደድ ከቻላችሁ በፈረንጅ ዲሴምበር መጀመሪያ ሂዱ።

አሁን ወደ እማማ ጾም። ብዙ ሰው «እዚያ የባሕር እንስሳ ብቻ ነው የሚበሉት፣ በጾም ችግር ነው» ይላል። እኔም እንደዚያ ፈርቼ ሽሮና በሶ ተሸክሜ ነበር የሄድኩት። ብዙውን መልሼ አመጣሁት። ነገሩን የፈታልን ሊትል ኢንዲያ የሚባለው ሰፈር ነው። እዚያ ያሉት ታሚሎች (የደቡብ ሕንድ ዘሮች) ቶሳይ የሚሉት ምግብ አላቸው። ሩዝና ምስር መሰል ጥራጥሬ ፈጭተው፣ አቡክተው፣ አሳድረው፣ ኮምጠጥ ሲል በሰፊ ምጣድ ላይ ስስ አድርገው ይጋግሩታል። ከምስርና ከአትክልት ወጥ ጋር ይቀርባል፣ በቀኝ እጅ ነው የሚበላው። እናቴ አንዴ ቆርሳ አጥቅሳ ቀመሰችና «ይሄማ እንጀራ ነው፣ ዓይን ማውጣት አልቻሉበትም እንጂ» አለች። ከዚያ ወዲያ የምግብ ጣጣ አልነበረብኝም። ሴራንጉን መንገድ ላይ ከ1947 ጀምሮ የሚሠራው ኮማላ ቪላስ አለ፣ ከአትክልት ውጭ አይሠራም። ርካሽ የፈለገ ደግሞ ቴካ ሴንተር ወደሚባለው የምግብ አዳራሽ ይሂድ።

ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ሕንዶቹ «ቬጀቴሪያን» ሲሉ ሥጋና እንቁላል የለበትም ማለታቸው ነው እንጂ ወተት፣ እርጎና ቅቤ አለ። ቶሳዩን «በዘይት፣ ያለ ቅቤ» ብላችሁ እዘዙ። ሁለተኛ፣ ማሌዎቹ (ከአገሩ ሕዝብ አንዱ ወገን ናቸው) በላቻን የሚሉት ከጥቃቅን ሽሪምፕ የሚሠራ ማጣፈጫ አለ። ጎመኑም ቃሪያውም ውስጥ ይገባል፣ በዓይን አይታይም፣ ጠይቁ። ሦስተኛው ቡና ነው። ኮፒ ካላችሁ ጣፋጭ ወተት አለበት። ወተት የሌለው ኮፒ ኦ ይባላል፣ ስኳርም ካልፈለጋችሁ ኮፒ ኦ ኮሶንግ በሉ። ችግሩ፣ የሰፈር ቡናቸው ብዙውን ጊዜ በስኳርና በማርጋሪን የተቆላ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ስኒውን አስቀምጣ አልነካችውም። (በጾሙ ምክንያት ነው ወይስ ቡናው ስለተሰደበ፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።) የተቆላና የተፈጨ ቡና ከቤት ያዙ።

አንድ ክርክርም ይጠብቃችኋል። እናቴ እስከ 9 ሰዓት ነበር የምትጾመው። ሲንጋፖር ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ 9 ሰዓት ሲሞላ እዚህ ኮዬ ገና ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። «የማን 9 ሰዓት ነው?» ብላ ሁለት ቀን አስቸገረችኝ። በመጨረሻ ለንስሐ አባቷ ደውለን በደረሰችበት አገር ሰዓት ትጹም ተባለ። እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

የአርመን ቤተ ክርስቲያንም አለ፣ ሂል መንገድ ላይ፣ በ1835 የተሠራ። በአገሪቱ ካሉት የክርስቲያን ቤተ ክርስቲያኖች ሁሉ አንጋፋው ነው። አርመኖች የእኛ እኅት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ስሙም የቅዱስ ጎርጎርዮስ ነው፣ ታኅሣሥ 15 በስንክሳር የሚታሰበው ጎርጎርዮስ ዘአርማንያ። እናቴ ይህን ስትሰማ በሩን ተሳልማ ብዙ ቆየች። ጸጥ ያለ፣ ነጭ፣ ትንሽ ሕንፃ ነው። ከዚያ በባቡር ወደ ቻይናታውን ብትሄዱ ሳውዝ ብሪጅ መንገድ ላይ የሙስሊሞች መስጊድ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስና የቡድሃ ቤተ መቅደስ በአንድ መንገድ ተደርድረው ታያላችሁ። መስጊዱም የሂንዱውም ጫማ ያስወልቃል። እማማ ይህ አይከብዳቸውም።

ዝርዝርሽ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ጨምሪ። የኮንዶሚኒየም ሰፈር። አትሳቂ! እኛ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ያንን ሳናይ ብንመለስ ምን ዋጋ አለው? መንግሥታቸው የቤቶች ቦርድ ያቋቋመው በ1960 ነው። ዛሬ ከአራት ነዋሪ ከሦስት በላይ የሚሆነው የሚኖረው ቦርዱ በሠራው ቤት ነው። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ በእያንዳንዱ ብሎክ የቻይናው፣ የማሌውና የሕንዱ ድርሻ ተወስኗል፣ አንዱ ወገን ብቻውን እንዳይሰበሰብ። ቶአ ፓዮ በሚባለው ሰፈር ከባቡር ውረዱና ዝም ብላችሁ ዙሩ። እኛ ጋዝ ተሸክመን 4ኛ ፎቅ በደረጃ ስንወጣ እነሱ ሊፍት አላቸው፣ መቅናት አይቀርም።

የብዙዎቹ ብሎኮች ምድር ቤት ክፍት ነው፣ ሱቅም ቤትም አይሠራበትም። ማሌዎቹ ሠርግ፣ ቻይናዎቹ ለቅሶ ያደርጉበታል። አንድ ጠዋት በዚያ ስናልፍ ክብ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ አበባ፣ ዝም ብለው የተቀመጡ ሰዎች አየን። እናቴ ቀጥ አለች። «ለቅሶ ነው። አይቶ ማለፍ ነውር ነው» አለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገብታ ተቀመጠች። እኔ እዚያው ውልቅ አልኩ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ኦቾሎኒና የታሸገ መጠጥ ሰጧት፣ ልትነሣ ስትልም ቀይ ክር። «ሰዓቴ አልደረሰም» ብላ ኦቾሎኒውን በቦርሳዋ ያዘች። ቋንቋ አልነበራቸውም ግን ተግባቡ። በነገራችን ላይ እዚያም ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም። የማያውቁትንም አንክል፣ አንቲ ነው የሚሉት። እማማን ሁሉም «አንቲ» ይሏቸዋል፣ ስድብ እንዳይመስላችሁ።

ወረቀቱን በአጭሩ። እኛ ስንሄድ ቪዛ አልጠየቁንም፣ ግን ትኬት ሳትቆርጪ የኢሚግሬሽናቸውን ገጽ እዪ። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። የመግቢያ ቅጹ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅሽ ገጽ ሌባ ነው። የቢጫ ወባ ካርድ የግድ ነው። ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፣ ካርድ የሌለውን ሰው እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ። እማማ ከዚህ በፊት ካልተከተቡ አሁኑኑ ሐኪም ያማክሩ፣ ከ60 ዓመት በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰድ ጥንቃቄ ይፈልጋልና። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ከነማዘዣው ይያዝ።

ጫት በፍጹም፣ ለሰው አድርሱልን ቢሏችሁም። እዚያ የዕፅ ሕግ ቀልድ አያውቅም። ማስቲካና የኤሌክትሪክ ሲጋራም አይገባም። ቋንጣም ይቅር፣ ደግሞ ጾም ነው።

ሆቴል ላይ እኔ ተሸውጃለሁ። በርካሽ አገኘሁ ብዬ የያዝኩት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ከታች በደቂቃ ፊደል ተጽፏል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እናቴ «መቃብር ነው» ብላ ሌሊቱን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ አደረች። ስትይዢ «መስኮት አለው?» ብለሽ ጠይቂ፣ ሊትል ኢንዲያም አካባቢ ይሁን። ምግቡ እዚያው ነው።

ለትራንስፖርት ጣቢያ ላይ በ10 የሲንጋፖር ዶላር ኢዚ ሊንክ ካርድ ግዙ፣ 5ቱ መሳፈሪያ ነው። ባቡር ውስጥ ውኃ መጠጣት እንኳ ያስቀጣል። የቧንቧው ውኃ ይጠጣል፣ ፕላስቲክ አትግዙ። በየሰፈሩ ባሉት የምግብ አዳራሾች አንድ ሰው ከ4 እስከ 7 ዶላር ይጠግባል። ጠረጴዛ ላይ የሶፍት ፓኬት ካያችሁ ተይዟል ማለት ነው። ሳሕናችሁን ራሳችሁ መልሱ፣ አለዚያ ቅጣት አለ።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ከቻንጊ ፖይንት በጀልባ ፑላው ኡቢን ደሴት ሂዱ። ለአንድ ሰው 4 ዶላር ነው፣ ጀልባው የሚነሣው 12 ሰው ሲሞላ ነው። ልክ እንደ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ። ወያላ ብቻ ነው የጎደለው።

ሶኬታቸው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ የእኛ አይገባም። መቀየሪያ ሁለት አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ደውለሽ መጥተሽ ውሰጂ። የቀረውን ሽሮ ግን በልተነዋል።