ጄትስኪህ እሳት አላጣም፣ ቤንዚን ነው ያጣው

አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ የሚኖር አንባቢ የጻፈልኝን ባጭሩ ላስቀምጥ። ወንድሙ ከዱባይ ያመጣለት፣ ቆሞ የሚነዳ ያማሃ ሱፐርጄት የሚባል ጄትስኪ (የውሃ ላይ ሞተር ሳይክል) አለው። ባለ 2 ስትሮክ ነው፣ 701 ሲሲ። ፋሲካ ላይ ላንጋኖ ወስዶት በደንብ ሠርቷል። ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ ክረምቱን ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ከረመ። አሁን አልነሳ ብሏል። ባትሪው አዲስ ነው፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) በኃይል ያዞራል። አንድ መካኒክ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ለክቶ አንዱን ሲሊንደር 112፣ ሌላውን 115 ፒኤስአይ አገኘና “ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይከፈት” አለው። ሌላው ደግሞ “ሲዲአዩ (ለካንዴላው እሳት የሚልከው የኤሌክትሪክ ሳጥን) ተቃጥሏል፣ አስመጣ” ብሎታል። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ደረቅ ናቸው። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ቤንዚን ጠብ ሲያደርጉበት ሁለቴ ሦስቴ ተኩሶ ጠፋ። “ጋሼ፣ የቱን ልመን?” ይላል።

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትመን። ገንዘብህንም ገና አታውጣ። መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል፤ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ያነሳኸው ነገር ነው። ቤንዚን በቀዳዳው ሲገባለት ተኮሰ። ሞተር እንዲተኩስ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ እሳት (የካንዴላው ብልጭታ)፣ ኮምፕሬሽንና ነዳጅ። ነዳጁን በእጅህ ስትሰጠው ተኩሷል። እንግዲህ እሳቱም ኮምፕሬሽኑም አለ ማለት ነው። ሲዲአዩ ሞቶ ቢሆን ኖሮ የፈለገውን ያህል ቤንዚን ብታጠጣው ድምፅ አያሰማም ነበር። የካንዴላው መድረቅም ይህንኑ ነው የሚናገረው። ያን ያህል ሞተሪኖ ተመትቶ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ ሲሊንደሩ ጋ አልደረሰም።

አሁን ወደ ኮምፕሬሽኑ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ደህና ሞተር ያለ ጥፋቱ ሲፈታ አያለሁና ረጋ ብዬ ላስረዳህ። መጽሐፍ ላይም ሆነ የውጭ ሰው ሲያወራ የምትሰማው ቁጥር በባሕር ጠለል ከፍታ የተለካ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ከመጀመሪያው ሳስቷል፤ ጌጁም ያንን ነው የሚያነበው። ዱባይ 150 ያነበበ ሞተር ምንም ሳይሆን ተክለሃይማኖት ጋራዥ ውስጥ 113 አካባቢ ያነባል። ያንተ 112 እና 115 ነው። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ የማየው በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን እጠረጥራለሁ። ያንተ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይሄ ሞተር አይከፈትም። ወደፊት ስታስለካም ሁለቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተጭኖ፣ የካንዴላ ገመዶቹ ማሳ ተደርገው (ከሞተሩ ብረት ጋር ተነካክተው) መሆን አለበት። ነዳጅ መስጫው ሳይጫን ከተለካ ቁጥሩ ያለአግባብ ይወርዳል።

ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት የሞተሩን ክዳን ከፍተህ ውስጡን በደንብ አናፍሰው። ማሽኑ ደጅ ይሁን፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይጠጋ። የጄትስኪ ሆድ ዝግ ነው፤ የቤንዚን ትነት ያጠራቅማል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። እባክህ ይሄን አትዝለለው።

ቀጥሎ ታንኩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ አውጣ። ከፋሲካ እስከ መስከረም የቆመ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል ተንኖ አልቋል፤ ሞተር በቀዝቃዛው የሚያስነሳው ደግሞ ያ ክፍል ነው። ትንሹን በመስታወት ዕቃ ቅዳና አስቀምጠህ እየው። ከታች የውሃ ጠብታ ከታየህ የክረምቱ እርጥበት ገብቶበታል። አዲሱን ስትሞላ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር የ2 ስትሮክ ዘይት ቀላቅል፣ ማለትም 50 ለ 1። የመኪና ዘይት አይሆንም። በካንዴላው ቀዳዳ ለሙከራ ጠብ የምታደርገውም ይሄው ቅልቅል ይሁን። ንጹሕ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል።

የታንኩን ክዳን ስትከፍት “ፍስስ” ብሎ አየር ከሳበ መተንፈሻው ተዘግቷል። መተንፈሻው አየር ወደ ታንኩ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አለው። በአፍህ ንፋበት፤ ወደ ታንኩ በኩል ማለፍ አለበት።

አሁን ከፋርማሲ ትልቁን ሲሪንጅ፣ ባለ 60 ሚሊ ሊትሩን ግዛ። ካርቡራተሩ (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ጋ የሚገባውን የቤንዚን ቱቦ ንቀልና ሲሪንጁን ሰክተህ ቀስ ብለህ ሳብ። ቤንዚኑ ሳይቆራረጥ፣ ጥርት ብሎ ከመጣ እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ ደህና ነው። አረፋ እየቀላቀለ ከመጣ አንድ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ምንም ካልመጣ ተዘግቷል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የነዳጅ መምረጫውን ነው፣ ያንን ክፍት፣ ሪዘርቭ፣ ዝግ የሚለውን። ውስጡ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች ሲደርቁ ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስልና አየር ይስባል። ለማጣራት ቱቦውን መምረጫውን አልፈህ ከታንኩ በቀጥታ አገናኝና እንደገና ሳብ። አረፋው ከጠፋ አገኘኸው። ፊልትሮውንም በዚያው ለውጠው፣ ርካሽ ነው።

እስከ ካርቡራተሩ ድረስ ደህና ከሆነ ቀሪው ፖምፓው ነው። ይሄ ፖምፓ የኤሌክትሪክ አይደለም። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በአንዲት ቀጭን ቱቦ መጥቶ ስስ ላስቲክ ያንቀሳቅሳል፤ ላስቲኩ ቤንዚን ይስባል። ያቺ ቱቦ ከተሰነጠቀች ወይም ከወለቀች ቤንዚን የለም። ዳር እስከ ዳር በጣትህ እያጠፍክ ስንጥቅ ፈልግ፣ በተለይ ጫፏ ላይ።

ቱቦዋም ደህና ከሆነች ካርቡራተሩ ይፈታ። የሚኩኒ ካርቡራተር እንደ መኪናው ቤንዚን የሚጠራቀምበት ሳህን የለውም፤ የሚሠራው በስስ ላስቲክ ነው። ሽፋኑን ስታነሳ የጣት ጥፍር የምታክል ወንፊት ታገኛለህ። ቆሞ የከረመ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ጉዱ እዚያች ወንፊት ላይ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሙጫ ለብሳ ብርሃን አታሳልፍም። በካርቡራተር ማጽጃ እጠባት፣ በጥርስ ብሩሽ በስሱ ቦርሻት፣ ወደ ብርሃን ይዘህ ቀዳዳዎቿን ቁጠር በሚያስብል ሁኔታ ጥርት ማለት አለባት። ላስቲኩን ደግሞ በሁለት ጣት ያዘው። መለስለስ አለበት። እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ አልቋል። ያን ጊዜ ላስቲኩን፣ መርፌውንና ጓርኒሲዮኑን አንድ ላይ የያዘውን የጥገና ኪት አስመጣ፤ ከሲዲአይ ጋር ዋጋው አይገናኝም። ቀጫጭኑን ቀዳዳ በሽቦ አትጎርጉር፣ አየር ንፋበት።

ቾኩንም፣ ለቀዝቃዛ ማስነሻ አየሩን የሚዘጋውን፣ እግረ መንገድህን እየው። አንድ ሰው ሲስበው የካርቡራተሩ አፍ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት። ገመዱ ረዝሞ ግማሽ ላይ ከቀረ ቀዝቃዛ ሞተር አይነሳም።

ሶማሌ ተራ ካንዴላ ልትገዛ ከሄድክ ቁጥሩን ብቻ አትጥራ። ያንተ ኤንጂኬ ቢአር 8 ኤችኤስ ነው። ሻጩ “8 ነው፣ ያው ነው” ብሎ ቢአር 8 ኢኤስ ሊሰጥህ ይችላል። ያው አይደለም። የኤችኤሱ ጥርስ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኢኤሱ 19። ረጅሙ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ከአሮጌው ጎን አቁመህ አስተያይ። የጫፉ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ስታስነሳው ሞተሪኖውን ከ5 ሰከንድ በላይ አትያዘው፤ ከዚያ 15 ሰከንድ አሳርፈው። ቱቦዎቹ ባዶ ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሙከራዎች ቤንዚን ለመሳብ ብቻ ይሄዳሉ፣ አትደንግጥ። በመሀል አንድ ካንዴላ አውጥተህ እይ። እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ ደርሷል፣ ቾኩን መልስ። ማሽኑ የተስተካከለው ለዱባይ አየር ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ይበዛበትና ቶሎ ይታፈናል። ከታፈነ ካንዴላዎቹን አውጥተህ አድርቅ፣ ገመዶቹን ማሳ አድርግ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ይዘህ ጥቂት አዙረውና መልሰህ ሞክር።

ከውሃ ውጭ ከ15 ሰከንድ በላይ አይሥራ፤ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ካገናኘህ ቅደም ተከተሉ የግድ ነው፦ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳ፣ ከዚያ ውሃው ይከፈት። ስታጠፋ ደግሞ መጀመሪያ ውሃው ይዘጋ፣ ከዚያ ሞተሩ። ካገላበጥከው ውሃው በጭስ መውጫው ዞሮ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ሲነሳ ትንሽ ይንተፋተፋል፣ ያጨሳልም። ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ “ቤንዚኑን እንቀንስለት” ይልሃል። የካርቡራተሩን ማስተካከያ ብሎን እዚህ እንዳታስነካ። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩ ከአዲስ አበባ ይወፍራል። ለአዲስ አበባ ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰ ሞተር እዚያ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ቤንዚን ያንሰዋል። ባለ 2 ስትሮክ የሚቀባው ቤንዚኑ ውስጥ ባለው ዘይት ስለሆነ ፒስተኑ ይቃጠላል። የሚስተካከል ነገር ካለ ሐይቁ ላይ ይስተካከል።

ይሄን ሁሉ አድርገህ ካንዴላው አሁንም ደረቅ ከሆነ ካርቡራተሮቹን ብቻ ፈተህ፣ ከነቱቦአቸው በፌስታል ይዘህ ባለሙያ ጋ ሂድ። ማሽኑን ሙሉውን በአይሱዙ አታስጭን።